ፍሪ ፋየር የሚባለው የስልክ ጌምህ አልገባ ብሏል? መጀመሪያ የእናትህን ፌስቡክ እይ

ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጀር መሰኪያ። አሁን አሁን ግን ተማሪ ሲለቀቅ የሚመጣልኝ ብልሽት ሌላ ነው። «ጋሼ፣ አካውንቴን ሀክ አደረጉኝ።» ልጁ ያለቅሳል። ስልኩ ደህና ነው።

ኔትወርክ መኖሩን፣ ጌሙ አፕዴት መደረጉን፣ ፓስወርዱን በትክክል መጻፍህን አይተሃል ብዬ ልነሳ። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ላሳልፈው።

ጌሙ ይከፈታል፣ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ይሄ ብዙ ጊዜ ሌባ አይደለም። ድሮ በጉግል ትገባ ነበር፣ ዛሬ የፌስቡኩን ቁልፍ ነክተሃል። ውጣና በሌላኛው ግባ። በጌስት፣ ማለትም ከምንም አካውንት ጋር ሳታስር፣ ስትጫወት ከነበረና ስልኩ ፎርማት ከተደረገ ግን የመመለስ ዕድሉ የመነመነ ነው። ቀጣዩን ከጉግል ጋር እሰረው።

የገዛኸው አካውንት ከሳምንት በኋላ አላስገባ አለህ? የሸጠልህ ልጅ በመጀመሪያው ኢሜይል መልሶ ወስዶታል። መፍትሄ የለውም። የጌም ካምፓኒዎቹም አካውንት መሸጥና መግዛት ስለሚከለክሉ ለእነሱ አቤት ብትል አይሰሙህም።

ስቲም (የጌም መግዣው) ወይም ዲስኮርድ (የተጫዋቾች መወያያው) ላይ «ይሄን ኪውአር ስካን አድርግ» ተብለህ ስካን አድርገህ ከሆነ፣ በገዛ እጅህ ሌላ ሰው አስገብተሃል። ፓስወርድ ቀይር፣ ከሁሉም ዲቫይስ አስወጣ።

«ዳይመንድ የማያልቅበት»፣ ማለትም የጌሙ ገንዘብ የማይጎድልበት፣ የሚባለውን ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን አፕ) ከቴሌግራም አውርደህ ጭነሃል? አጥፋው። ከማጥፋትህ በፊት ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈትና የሰጠኸውን ፈቃድ ንሳው። ያን ፈቃድ የያዘ አፕ ስክሪንህን ማንበብ፣ በአንተ ፈንታ መንካትም ይችላል። ቴሌብር ባለበት ስልክ ላይ ይሄን የሚጭን ሰው ምን እንደምለው አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው። ከአስር ልጅ ስምንቱ በዚህ ነው የሚመጣብኝ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጌሙ በድንገት ያስወጣሃል፣ እንደገና ግባ ይላል። በፌስቡክ ልትገባ ስትል ፌስቡክ ራሱ «ፓስወርድህ ከ3 ሰዓት በፊት ተቀይሯል» ይልሃል። ከዚያ አክስትህ ትደውላለች። «እናትህ ምን ሆነች? ብር ላኪልኝ ብላ ጻፈችልኝ» ትላለች።

እናትህ እዚህ ውስጥ ምን አስገባት? የአንተ ጌም የታሰረው በእሷ ፌስቡክ ነዋ! የሰፈሩ ልጅ ግማሹ እንደዚያ ነው የሚጫወተው። ሌባውም ለዳይመንድህ ብዙም ግድ የለው። እሱ የሚፈልገው የእናትህን ስምና ዘመዶቿን ነው።

ምክንያቱን ከልጁ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። «ምንም አልነካሁም» ይላል። ነክቷል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ነፃ 5000 ዳይመንድ» የሚል ሊንክ ተለጥፎ ነበር። ጥምቀት ሲደርስ «የጥምቀት ስጦታ» ይሆናል፣ መስከረም ላይ «የእንቁጣጣሽ»። ሊንኩን ሲነካ የሚሽከረከር ዕጣ ይመጣል። ሁሌም ያሸንፋል። ከዚያ «ሽልማትህን ለመውሰድ በፌስቡክ ግባ»። ገጹ ሰማያዊ ነው፣ አርማውም አለ። ስልክ ቁጥሩንና ፓስወርዱን ይጽፋል። ገጹ «ተሳስተሃል፣ ድገም» ይለዋል። አልተሳሳተም፤ ፓስወርዱን አረጋግጠው ሊወስዱ ነው። ደግሞ ይጽፋል። ቀጥሎ «አሁን በኤስኤምኤስ የደረሰህን ኮድ አስገባ» ይላል። ያ ኮድ ትክክለኛ ነው፣ ከፌስቡክ ነው የመጣው። ሌባው በዚያች ደቂቃ በሌላ ስልክ እየገባ ስለሆነ ነው የመጣው።

መጨረሻ ላይ «ዳይመንድህ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል» ይላል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጁ ለማንም ሳይናገር አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቃል። ሌባው አንድ ቀን ሙሉ ይሠራል።

አንድ የአዘዞ ልጅ እንዲህ ጠብቆ እናቱን ይዞ መጣ። በሴትዮዋ ሜሴንጀር ለአስራ ምናምን ዘመድ «ሆስፒታል ነኝ፣ ቸግሮኛል፣ ስልኬ ስለማይሠራ በዚህ ቁጥር ላክልኝ» ተብሎ ተጽፏል። ደባርቅ ያለው ወንድሟ 4,000 ብር በቴሌብር ልኳል። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ግን ደወለች፣ በዚያ ነው የታወቀው። ልጁ ሱቄ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ ስለ ጌሙ አልባሳት ነበር። «ጋሼ፣ ስኪኖቼ አሉ?»

የሊንክ አድራሻ ማንበብ እንዴት እንደሆነ ለስንቱ አስረዳሁ! እንደኛ ስም ነው። የመጀመሪያውን ስም ማንም ያወጣዋል፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግርህ የሚቀጥለው ነው። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለውን የመጨረሻ ክፍል እይ። «ፌስቡክ.ኮም.ዳይመንድ-ስጦታ.ቶፕ» የፌስቡክ ልጅ አይደለም፤ አባቱ «ዳይመንድ-ስጦታ.ቶፕ» ነው። ከአድራሻው ጎን የቁልፏ ምልክት መኖሯ ምንም አያረጋግጥም። ቁልፏ መስመሩ እንዳይጠለፍ እንጂ ባለቤቱ ጨዋ መሆኑን አትናገርም። ቴሌግራም ሊንኩን በራሱ ውስጥ ስለሚከፍተው አድራሻው በደንብ አይታይም፤ ከመንካትህ በፊት ተጭነህ ያዘውና አንብበው። ሌላም አለ። ስልክህ ፓስወርድህን አስቀምጦ ሁልጊዜ ራሱ የሚሞላልህ ከሆነና እዚህ ገጽ ላይ ዝም ካለ፣ አድራሻው እንዳልሆነ አውቋል። እመነው።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። ካዛባኸው ትደክማለህ።

ከሁሉ በፊት ግን ስልኩን ፎርማት አታድርግ! አታድርግ። አንዳንድ ጠጋኝ ወንድሞቼ «ቫይረስ ነው» ብለው 200 ብር ተቀብለው ፎርማት ያደርጋሉ። ፓስወርዱ ሌባው እጅ ነው፣ ስልኩን ማጠብ ምን ይጠቅማል? ፌስቡክ ድሮ የምትገባበትን ስልክ ያውቀዋል፣ ማመልከቻህን የሚቀበለውም ከዚያ ሲመጣ የተሻለ ነው። ፎርማት ስታደርገው ያን ታጠፋለህ። ፎርማቱን የስልኩን የጎን ቁልፎች ተጭነህ ካደረግከው ደግሞ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል። ጂሜይሉን የከፈተው ስልኩን የሸጠው ልጅ ነው። ፓስወርዱን ማንም አያውቀውም።

ስለዚህ ነገር ትንሽ ልማረር። ስልክ የምትሸጡ ልጆች፣ ለደንበኛ ጂሜይል ስትከፍቱ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። በራሳችሁ ስልክ ቁጥር አትክፈቱት። እዚህ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት ግማሽ ከተማ ጂሜይሉን ረስቶ ነበር። ሰው ምን ብሎ ያስታውሳል፣ መጀመሪያውንም አላወቀው!

እሺ፣ ከፌስቡኩ ጋር የታሰረው ኢሜይል ይቅደም። ጂሜይሉ ውስጥ ግባና «ሴኩሪቲ» የሚለው ስር የገቡትን ስልኮች እይ፣ የማታውቀውን አስወጣ፣ ፓስወርዱን ቀይር። የመመለሻ ስልክ ቁጥሩና ኢሜይሉ የአንተ መሆናቸውን አረጋግጥ። ሌባው የራሱን ቁጥር ጨምሮ ከሄደ ነገ ይመለሳል። ኢሜይሉ ሳይጠራ ፌስቡክን ብታስመልስ ዋጋ የለውም።

ከዚያ እዚያው ኢሜይል ውስጥ ከፌስቡክ የመጣ መልእክት ፈልግ፤ የላኪው አድራሻ መጨረሻ «ፌስቡክሜይል.ኮም» የሆነውን። ፓስወርድ ወይም ኢሜይል ሲቀየር ለድሮው አድራሻ ያሳውቃሉ፣ «ይሄን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም» የሚል ሊንክም አለው። ትራሽ ውስጥም እይ፣ ሌባው አጥፍቶት ይሆናል። ካጣኸው የፌስቡክን የተጠለፈ አካውንት ገጽ በዚያው በድሮው ስልክ ክፈት። ከገባህ በኋላ ከሁሉም ዲቫይስ አስወጣ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብራ፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጻፍ። ጌሙ ከፌስቡኩ ጋር ይመለሳል።

እስከዚያ ድረስ ዘመድ ጋ በስልክ ደውሉ። ጽሑፍ አይበቃም፣ ጽሑፉንማ ሌባውም ይጽፋል።

«አካውንት እንመልሳለን» የሚሉት ደግሞ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። አንድ የዩኒቨርሲቲያችን የማራኪ ግቢ ተማሪ ፒዩቢጂ የሚባለው ጌም አካውንቱ ተወስዶበት 1,500 ብር ላከላቸው። «ሰርቨሩ ሌላ 1,500 ይፈልጋል» አሉት፣ ላከ። ቀጥሎ «ቴሌግራምህ ላይ የመጣውን ኮድ ላክልን» አሉት፣ ያንንም ላከ። በማግስቱ ቴሌግራሙም ሄደ። እኔ ጋ ሲመጣ የቀረው ኢሜይሉ ብቻ ነበር፣ ከእሱ ተነስተን ሁለት ቀን ፈጀብን። ፒዩቢጂው አልተመለሰም።

እኔ ጋ የምትመጣ ከሆነ ስልኩን ቻርጅ አድርገህ፣ ፎርማት ሳታደርግ አምጣው። እናትህንም ይዘሃት ና። ኮዱ የሚመጣው እሷ ስልክ ላይ ነው።