የሩዝ ቡናማ ዘላይ ፀረ-ተባይ መላመዱን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ቡናማው ዘላይ በእስያ የሩዝ ማሳዎች ከአገዳው ግርጌ ተሰግስጎ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ሲሆን፣ በብዛት ሲፈላ ማሳውን እሳት የለበለበው አስመስሎ ያደርቀዋል። ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ፀረ-ተባይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲገባ በአነስተኛ መጠን ይገድለው ነበር፤ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በቻይና፣ በቬትናምና በሌሎችም አገሮች ተባዩ መድኃኒቱን መላመዱ ተረጋግጧል። አገዳን በመድኃኒት ነክሮ ይህን ለመፈተሽ ኩባያ፣ ጥጥ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጓንትና ትክክለኛ ሚዛን ይበቃሉ።

አስቀድሞ ሌሎች ምክንያቶች ይጣሩ። ርጭቱ የላይኛውን ቅጠል ብቻ አርሶ ግርጌው ላይ ካልደረሰ ተባዩ መድኃኒቱን ሳያገኘው ይተርፋል። ርጭቱ ሸረሪቶችንና ሌሎች አዳኝ ነፍሳትን ከፈጀም ተባዩ ከቀድሞው በዝቶ ይመለሳል፤ ኢንዶኔዥያ በ1986 57 ፀረ-ተባዮች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ የከለከለችበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነበር።

ተባዩ ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች ይሰበሰብና መድኃኒት ባልነካው ሩዝ ላይ፣ በወንፊት ጨርቅ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ አንድ ትውልድ ይራባ። ለፈተናው የሚፈለጉት በሦስተኛው የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ፣ ክንፍ ያላወጡ ኩብኩባዎች ናቸው። ከማሳ የመጡትን በቀጥታ መጠቀም ሥራ ያቀላል፤ ሆኖም ዕድሜያቸው በተደበላለቀ ነፍሳት የተገኘን ውጤት አላምነውም።

ከነሥሩ የተነቀለ ጤናማ ሩዝ ታጥቦ አገዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይቆረጥ፤ ሦስት ሦስቱ በአንድ ይያዙ። መድኃኒቱ በየደረጃው እየቀጠነ በአምስት መጠን ይበጥበጥና አገዳዎቹ ለ30 ሰከንድ ተነክረው በጥላ ይድረቁ። ማነጻጸሪያዎቹ መድኃኒት በሌለው ውሃ ይነከራሉ። ሥሩ በእርጥብ ጥጥ ተጠቅልሎ ኩባያ ውስጥ ከገባ በኋላ በእያንዳንዱ ኩባያ 20 ነፍሳት ይጨመሩ፤ ለእያንዳንዱ መጠን ሦስት ኩባያ ይዘጋጅ፤ ሙቀቱም 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይሁን። ነፍሳቱን በብሩሽ ማንሳት ይሻላል፤ ወረንጦ እግራቸውን ይሰብራል፣ እግሩ የተሰበረውም በመድኃኒቱ እንደሞተ ተደርጎ ይቆጠራል።

አስቸጋሪው ሙታንን መቁጠር ነው። በኢሚዳክሎፕሪድ የተመረዘ ዘላይ ቶሎ አይሞትም፤ እየተንቀጠቀጠ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ቆጠራው በ96ኛው ሰዓት ይደረግ። በብሩሽ ጫፍ ሲነካ መራመድ ያቃተው፣ በጀርባው ወድቆም መገልበጥ የተሳነው እንደ ሞተ ይቆጠራል። ይህ መስፈርት ከመጀመሪያው ተጽፎ ካልተያዘ ሁለት ሰዎች አንዱን ኩባያ በሁለት ዓይነት ቁጥር ይመዘግቡታል። ቡፕሮፌዚን የተባለው ሌላ ፀረ-ተባይ የሚገድለው ነፍሳቱ ቆዳቸውን በሚቀይሩበት ጊዜ በመሆኑ እስከ 120ኛው ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ቀን የቆጠረ ሰው ፍቱን የሆነውን መድኃኒት ተባዩ ተላምዶታል ብሎ ይጥለዋል።

ከማነጻጸሪያው ከ20 በመቶ በላይ ከሞተ ፈተናው እንደገና ይሠራ። ከዚያ በታች ከሆነ ያለ መድኃኒት የሚሞቱትን ድርሻ በሚቀንሰው የአቦት ቀመር ይታረማል፦ ከመድኃኒቱ 60 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያው 10 በመቶ ቢሞቱ፣ 50 (60 ሲቀነስ 10) ለ90 (100 ሲቀነስ 10) ተካፍሎ የመድኃኒቱ ድርሻ 55.6 በመቶ ይሆናል። ቀጥሎ ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ይሰላና መድኃኒት ነክቶት ከማያውቅ የላቦራቶሪ ዘር ጋር ይነጻጸራል። ያለዚህ ንጽጽር ‹‹ተላምዷል›› ማለት አይቻልም። የማሳውን ተባይ ለመግደል ከመቶ እጥፍ በላይ ካስፈለገ መላመዱ ከፍተኛ ይባላል።

እንዲህ ከሆነ የምርቱን የንግድ ስም መቀየር ፋይዳ የለውም፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው፣ መድኃኒቱ ተባዩን የሚገድልበትን መንገድ የሚያመለክተው የአሠራር ምድብ ቁጥር ይታይ። ኢሚዳክሎፕሪድና ታያሜቶክሳም የተባለው ሌላ ፀረ-ተባይ ሁለቱም ምድባቸው 4ኤ ነው፤ ቡፕሮፌዚን ግን 16 ነው። ቡናማው ዘላይ በነፋስ ባሕር ተሻግሮ እስከ ጃፓን የሚደርስ በመሆኑ፣ የዘንድሮው ውጤት በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው መንጋ ስለማያገለግል ፈተናው በየወቅቱ ይደገማል።