የድሮ ፒክአፕን የታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ እንዴት እንቀይር?

የፍሬን ነገር በደንብ የገባኝ ከአሰላ ገብስ ጭኜ ወደ አዳማ ስወርድ ነው። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ 1,700 ገደማ። ኢተያን አልፌ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉን ስረግጠው እግሬ ዝም ብሎ ወረደ። መኪናዬ የድሮ ላንድክሩዘር 45 ፒክአፕ ነው፤ አራቱም ጎማ በታምቡር ፍሬን። በከባድ ማርሽ ይዤ እንደምንም ዳር ወጥቼ ቆምኩ። የተቃጠለው ሸራ ሽታ እስካሁን አይረሳኝም። በዚያው ሳምንት የፊቱን ወደ ዲስክ ለመቀየር ወሰንኩ።

ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ነው፤ ሸራው ከውስጥ እየገፋ ይይዘዋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ፔዳሉ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሙቀቱም ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ዲስክ ግን ፓድ የሚባሉ ሸራዎች ከሁለት ጎን የሚጨብጡት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ነፋስ ያገኘዋል፤ ሲግል የሚወፍረውም ወደ ፓዱ ነው። ውሃ ቢነካው እንኳን ቶሎ ይደርቃል። የኋላውን ታምቡር መተው ይቻላል፤ መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንፈልግ። ላንድክሩዘር 40 እና ዘመዶቹ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ ላይ የፊት ዲስክ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ስለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። መኪናችሁ ሌላ ከሆነም የእሱ ታናሽ ሞዴል ከፋብሪካ ዲስክ ይዞ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። አዳማ ካጣችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ውረዱ። ዲስኩን፣ ሃቡን (ጎማው የሚታሰርበትን)፣ ካሊፐሩን (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) እና መያዣውን የግራና የቀኙን ከአንድ መኪና ግዙ። አንዳንድ ሰው የካሊፐር መያዣ በብየዳ ያሠራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ሙሉ ጭነት ላይ ሊነቀል የሚችል ነገር ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ቸርኬያችሁን ወስዳችሁ ካሊፐሩ ላይ ለኩት። የሚነካ ከሆነ ሥራው እዚያው ቆመ ማለት ነው። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት እዩ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ተዉት። የካሊፐሩ ፒስተን ዝገት ከበላው አትውሰዱት። ፓድ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦና የካሊፐር ጎማዎች ግን ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ።

አሁን ወደ መፍታቱ። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ። መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት የጎማውን ዳዶዎች ላላ አድርጓቸው። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገቡበት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጃችሁንም አትስደዱ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ።

ታምቡሩና ሸራው ከወጣ በኋላ ኩሽኔታዎቹን አጥባችሁ አዲስ ግራሶ ሙሉ። ላንድክሩዘሩ ላይ ሃቡን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ 54 ቁልፍ ይፈልጋል፤ በመዶሻና በካቻቢቴ እየመታ የሚፈታ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። ዳዶውን ሃቡን እያዞራችሁ አጥብቁ፣ መልሳችሁ ላላ አድርጉ፣ ከዚያ ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ አጥብቁ። አዲስ ዲስክ ከዝገት መከላከያ ዘይት ጋር ስለሚመጣ ፓድ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይጽዳ።

እኔ ሦስት ቀን ያባከንኩት ካሊፐር ላይ ነው። ያሠራሁበት ጋራዥ የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አሰረው። መልኩ ያው ነው፤ ግን የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ወደ ታች ዞረች። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ስንት ጊዜ ብንረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ነበር። ማስወጫዋ ሁልጊዜ ላይ ትሁን።

ብዙ ሰው ዲስኩን አስሮ ሥራው አለቀ ይላል። ገና ግማሹ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ይባላል፤ የታምቡር ማስተር መውጫ ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ለሸራ ጥሩ ናት። ዲስክ ላይ ግን ፓዱን እንደያዘች ትቀራለች፤ መኪናው ፍሬን እንደያዘ ይሄዳል። ስለዚህ ፊቱ ዲስክ ኋላው ታምቡር ለሆነ መኪና የተሠራ ማስተር ግዙ፤ ሁለት መስመር ያለው ይሁን። አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማችኋል። የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን ሰርቮም ጨምሩ፤ ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን አያግዝምና ያለ ሰርቮ ጉልበት ይፈጃል።

ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ ደግሞ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይግባ። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው። የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው ይዞራል። ቫልቩን መኪናው ባዶ ሆኖ አስተካክሉ፤ ምንጊዜም የፊቱ ቀድሞ ይያዝ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ይበቃዋል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ የጠጣው 155 ነው። ለቁልቁለት ዶት 4 እመርጣለሁ። የተከፈተ ጣሳ ከማንም አትቀበሉ።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምሩ፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ላይ ያለው ፔዳሉን ረግጦ «ያዝኩ» ሲል ታች ያለው ማስወጫዋን ይፈታል፤ ሳይዘጋ እግር አይነሳም። የማስተሩ ዘይት እንዳያልቅ ደጋግማችሁ እዩ። መሪውን ጥግ ድረስ ወዲያና ወዲህ አዙሩ፤ ቱቦው ጎማ መንካትም መወጠርም የለበትም። ፍሬን ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጥሩ መካኒክ አስፈትሹ።

በመጨረሻ ፓዱን ከዲስኩ ጋር ማላመድ ነው። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ቀንሱ፤ በመሃል ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ አብርዱት። ስትመለሱ እጃችሁን ቸርኬዎቹ አጠገብ አድርጉ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ካሊፐሩ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ወደ አሰላ ከመውጣታችሁ በፊት ፍቱት።