የጭንቅላት ቆዳ ሲተካ ታማሚውን ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምም?

እናቴ ልጅ ሆና እሳት አቃጥሏት አናቷ ላይ ጠባሳ ነበራት። ከስንት ዓመት በኋላ ጠባሳው ቆሰለ፣ ዳነ ሲባል መልሶ አመረቀዘ፣ በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የድሮ ጠባሳ ላይ የማይድን ቁስል ካያችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ አስመርምሩ። ለእሷ ተቆርጦ ወጣላት፣ ቦታው በቆዳ ተሸፈነ፣ እኔም እዚሁ ጅማ ቤታችን አስታመምኳት። ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ።

ከሐኪም ቤት ሳትወጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የተሠራው ንቅለ ተከላ ነው ወይስ ፍላፕ? የጭንቅላት ቆዳ እንደ ሆድ ቆዳ አይለጠጥም። ቁስሉ ከ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካለፈ ግራና ቀኙን ስቦ መስፋት ይከብዳል። አጥንቱን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ከተረፈ ከጭን ቆዳ በስሱ ተልጦ ይለጠፍበታል፣ ንቅለ ተከላ ይሄ ነው። ሽፋኑ አብሮ ከተነሳ ግን ባዶ አጥንት ላይ የተለጠፈ ቆዳ ደም ከየት ያገኛል? ያኔ አጠገቡ ያለው የጭንቅላት ቆዳ ከነደም ስሩ ዞሮ ይሸፍነዋል፤ ፍላፕ የሚሉት እሱን ነው። ፍላፕ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ከጭን በመጣው ላይ አይበቅልም። ይህን ለታማሚው ቀድማችሁ ንገሩት፣ መስታወት ፊት ከሚደነግጥ።

ንቅለ ተከላ ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ወሳኝ ነው። ላዩ ላይ በክር የታሰረው ወፍራም ፋሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን አይፈታም። አዲሱ ቆዳ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ትንንሾቹ ደም ስሮች ይገናኛሉ፣ ትንሽ ከተንሸራተተ ወይም ደም ከሥሩ ከተጠራቀመ ግን ግንኙነቱ ይበጠሳል። ስለዚህ አትክፈቱ፣ አታርጥቡ። እኛ ሁለት ትራስ ደርበን፣ ጋቢ ጠቅልለን በአንገቷ ግራና ቀኝ አድርገን ነበር የምናስተኛት። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ የመጣችሁ ደግሞ ከተቻለ ሳምንቱን ከተማ ዘመድ ቤት ቆዩ።

ጠያቂ ይመጣል። አንዲት ጎረቤታችን በስኒ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ፣ አናቷን ሊቀቡላት። ሌላዋ የተወቀጠ ቡና ነስንሱበት አሉ። ሁለቱም ከፍቅር ነው፣ ግን ሐኪሙ ካዘዘው ውጪ ቁስሉን ምንም አይንካው። ቅቤውን አመስግኜ ተቀበልኩና ሽሮዋ ውስጥ ጨመርኩት። ቁስል የሚድነው በምግብ ነው፦ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ። ጾም ከሆነ የነፍስ አባቷን ወይም ሼኹን አስፈቅዱ። ሲጋራ ደም ስር ያጠባል፣ ጫት ደግሞ ምግብና እንቅልፍ ይዘጋል። ሁለቱም ይቅሩ። ሻሽም ጠበቅ ተደርጎ አይታሰር።

እናቴን ከራሷ ይልቅ ጭኗ ነው ያሰቃያት። አትደንግጡ፣ የተላጠው ቦታ እንደዚያ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋል። የተጣበቀውን ፋሻ አትላጡት፣ ሥሩ ሲድን ራሱ ይለቃል።

ፍላፕ ከሆነ በየጊዜው እዩት። በጣት ቀስ ብላችሁ ጫን ስታደርጉ ይነጣል፣ በ2 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ይመለሳል። በእኛ ጥቁር ቆዳ ላይ መንጣቱ በደንብ ላይታይ ስለሚችል በመስኮት ብርሃን ከአጠገቡ ቆዳ ጋር አስተያዩ፣ በእጃችሁ ጀርባም ሙቀቱን ዳስሱ። ካበጠና ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከሄደ ደሙ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ከገረጣና ከቀዘቀዘ ደግሞ ደም እየገባ አይደለም። ይነጋል ብላችሁ እንዳታድሩ! ሰዓታት ናቸው የሚወስኑት፣ ባጃጅ ጥሩና ሂዱ። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ትኩሳት ካለም እንደዚሁ።

ቁስሉ ሲዘጋ ከጭን የመጣው ቆዳ ይደርቃል፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ቫዝሊን ቀቡት። ስሜቱ ደካማ ስለሆነ የራስ መታጠቢያ ውኃውን ቀድማችሁ በእጃችሁ ለኩ። ፀሐይ ላይ ኮፍያ ወይም ላላ ያለ ነጠላ አይለይ።

የፓቶሎጂውን፣ ማለት ተቆርጦ የወጣው ሥጋ የተመረመረበትን ውጤት ተከታትላችሁ ተቀበሉ። ጠርዙ ንጹሕ ነው ወይ፣ ማለት ዳር ዳሩ ላይ ካንሰር አልተገኘም ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ እንደገና መቆረጥ ወይም ጨረር ሊያስፈልግ ይችላል። ቀጠሮ አትዝለሉ። ካንሰሩ ወደዚያ ሊዛመት ስለሚችል በየመሃሉ ጆሮ ሥርና አንገት ላይ እብጠት እንዳለ ዳብሱ። እኔ እሁድ እሁድ የቀረ ፀጉሯን ስሠራላት እግረ መንገዴን እዳብሳታለሁ።