ትልቅ ስክሪን ፍለጋ ስልክ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስልክ ከመደወያነት አልፎ ማንበቢያ፣ ቪዲዮ ማያ፣ መንገድ መፈለጊያና ቅጽ መሙያ ከሆነ ቆይቷል። ለብዙ ሰው ያለው ብቸኛ ኮምፒውተርም እሱ ነው። ስለዚህ ገዢ ሰፊ ስክሪን መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ዓይን ያርፋል፣ ጣትም የሚነካውን ቁልፍ አይስትም። ችግሩ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች በአንድ ቀን ሲወሰኑ ነው፦ ስክሪኑ ምን ያህል ይሁን የሚለውና ሲስተሙ አንድሮይድ ወይስ አይፎን ይሁን የሚለው። የመጀመሪያው የእጅና የዓይን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ግን የዓመታት መልእክትን፣ ፎቶን፣ የይለፍ ቃልንና የተከፈለበትን አፕ ሁሉ ይነካል። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ሁለቱን ከማምታታት የሚመጡ ናቸው።

ለስክሪን ስፋት ብሎ ሲስተም መቀየር

ይህ ምክንያት በአንድ ወቅት እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን 3.5 ኢንች ነበር፤ በ2012 የወጣው አይፎን 5 እንኳ ከ4 ኢንች አላለፈም። ሳምሰንግ ግን ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት በ2011 አውጥቷል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ትልቅ ስክሪን የፈለገ ሰው አይፎኑን መተው ግድ ይለው ነበር። በመስከረም 2014 አይፎን 6 በ4.7 ኢንች፣ 6 ፕላስ ደግሞ በ5.5 ኢንች ሲወጡ ያ ምክንያት አበቃ። ዛሬ በሁለቱም በኩል ከ6.5 ኢንች በላይ የሆኑ ስልኮች ሞልተዋል። አሁን የጠፋው ትንሹ ነው፤ ባለ 5.4 ኢንቹ አይፎን ሚኒ በ2021 ከወጣው 13 ሚኒ በኋላ አልቀጠለም፣ በ2022 ቦታውን የወሰደው ባለ 6.7 ኢንቹ 14 ፕላስ ነው።

የሚፈልጉት ስፋት ብቻ ከሆነ እዚያው ባሉበት ሲስተም ውስጥ ከፍ ያለውን መጠን ይግዙ። ከአይፎን ወደ አይፎን ወይም ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ ሲሄዱ ዕቃዎ አብሮዎት ይመጣል። ሲስተም መቀየር ያለበት ሌላ ጠንካራ ምክንያት ሲኖር ነው፦ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት አገልግሎት፣ የሥራ ቦታ ግዴታ፣ አንድ የግድ የሚያስፈልግ አፕ፣ ወይም ስልኩ ለስንት ዓመት ሶፍትዌር ይታደስለታል የሚለው። በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። ተስፋው ግን ለእነዚህ ሞዴሎችና ለተከታዮቻቸው ነው፤ ርካሹ ሞዴል ተመሳሳይ ስም ስለያዘ ተመሳሳይ ዕድሜ ይኖረዋል ማለት አይደለም።

ኢንቹን ብቻ አይቶ መግዛት

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ኢንች ከአንዱ የስክሪን ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ የተለካ ርዝመት ነው። ስፋት አይደለም። ስክሪኖች ባለፉት ዓመታት ወደ ላይ እየረዘሙ ስለሄዱ ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። የድሮዎቹ ስልኮች የቁመትና የወርድ ምጣኔ 16 ለ 9 ነበር፤ የአሁኖቹ አብዛኞቹ 20 ለ 9 አካባቢ ናቸው።

በቁጥር እንየው። ባለ 5.5 ኢንች፣ 16 ለ 9 ስክሪን ወርዱ 6.85 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 12.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ባለ 6.5 ኢንች፣ 20 ለ 9 ስክሪን ደግሞ ወርዱ 6.77፣ ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሙሉ ኢንች ተጨምሮ ወርዱ በጥቂቱ ጠቧል! ለረጅም ጽሑፍ፣ ለውይይት መልእክትና ለድረ ገጽ ቁመቱ ይጠቅማል፤ ወደታች ብዙ መስመር ያሳያል። መደበኛ 16 ለ 9 ቪዲዮ በአግድም ሲያዩ ግን የቪዲዮውን ከፍታ የሚወስነው ያ ጠባቡ ወርድ ነው፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ምስሉም ከድሮው ስልክ እኩል ወይም በትንሹ ያነሰ ይሆናል። ፊደል ለመጻፍም ያው ነው፤ የኪቦርዱ ቁልፎች ስፋት የሚወሰነው በወርዱ ነው። ቪዲዮ ለማየትና በምቾት ለመጻፍ የሚገዛ ሰው ከኢንቹ ይልቅ የስልኩን ወርድ በሚሊሜትር ይመልከት።

ለእጅም ወሳኙ ወርዱና ክብደቱ ነው። አይፎን 13 ሚኒ 140 ግራም ሲመዝን አይፎን 14 ፕሮ ማክስ 240 ግራም ነው፤ ልዩነቱ ጋደም ብሎ ለሚያነብ ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አንጓ ላይ ይሰማል። ከመግዛትዎ በፊት የሞዴሉን ቁመትና ወርድ ከመግለጫው ወስደው በዚያው ልክ ካርቶን ይቁረጡ፤ ለከቨሩ በየጎኑ 2 ሚሊሜትር ያህል ይጨምሩ። ከዚያ ኪስዎ ውስጥ ከተው ይቀመጡ፣ በአንድ እጅ ይዘው አውራ ጣትዎ የላይኛው ተቃራኒ ጥግ መድረስ አለመድረሱን ይሞክሩ። አለመድረሱ ብቻውን ከመግዛት አያግድም። በአይፎን ሴቲንግ ከአክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ሪቻቢሊቲ» የሚለውን፣ በአንድሮይድ «ዋን ሃንድድ ሞድ» የሚለውን ቢያበሩ የስክሪኑ የላይኛው ክፍል ወደታች ይወርድልዎታል። ካርቶኑ ሱሪ ኪስ ካልገባ ግን መፍትሔ የለውም።

ስክሪን ሲሰፋ ጥራቱም አብሮ ያድጋል ብሎ ማሰብ

ባለ 720 በ1600 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ስክሪን በ6.7 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 262 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። ያው መጠን በ1080 በ2400 ሲሠራ 393 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በፎቶ ላይ ሳይሆን በደቃቅ ፊደል ላይ ነው። እንደ «ጯ» ወይም «ቿ» ያሉ ጭረት የበዛባቸው ፊደላት በዝቅተኛው ስክሪን ላይ ጠርዛቸው ይሻክራል። ለማንበብ የሚገዙ ከሆነ ከ6.5 ኢንች በላይ ሲሄዱ ከ1080 በታች አይውረዱ።

ሌላም አለ። አዲሱ ትልቅ ስልክ ከቤት ሲደርስ ከድሮው ያልተለየ መስሎ የሚያሳዝናቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ሲስተሙ ሁሉንም ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ ወይም ከድሮው ስልክ የመጣው የፊደል መጠን ስለቀጠለ ነው። በአንድሮይድ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ የፊደል መጠንና የዲስፕሌይ መጠን ለየብቻ አሉ። የመጀመሪያው ፊደሉን ብቻ፣ ሁለተኛው ምልክቱንና ቁልፉን ጭምር ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል። በአይፎን «ዲስፕሌይ ዙም» የሚለው ይህንኑ ይሠራል። ብዙ መረጃ በአንዴ ማየት የፈለገ ያሳንስ፤ ዓይኑን ማሳረፍ የፈለገ ያሳድግ።

ትልቅ ስልክ ሁሌም ባትሪው ይቆያል ማለት

በአንድ ትውልድ ውስጥ ባሉ ወንድማማች ሞዴሎች መካከል ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። አፕል ለአይፎን 15 እስከ 20 ሰዓት፣ ለ15 ፕላስ እስከ 26 ሰዓት የቪዲዮ ማጫወቻ ጊዜ አስቀምጧል። በአንድሮይድ በኩል ግን 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በ6.4 ኢንቹም በ6.8 ኢንቹም ውስጥ ይገኛል። ባትሪው እኩል ሆኖ ስክሪኑ ከሰፋ የሚበራው ቦታ ስለሚበዛ ትልቁ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል፤ 120 ኸርዝ፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ 120 ጊዜ መታደሱ፣ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የባትሪውንና የስክሪኑን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርገው ያወዳድሩ።

አዲሱን ስልክ ከፍቶ ዳታውን «በኋላ አመጣዋለሁ» ማለት

ሲስተም ለሚቀይር ሰው ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሲነቃበት አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የሚወስደው የአፕል አፕ «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የተሠራው አይፎኑ ገና ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ማዋቀር ላይ እንዲሠራ ነው። ማዋቀሩን ጨርሰው ከሆነ ያለው መንገድ አይፎኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ መጀመር ወይም ሁሉንም በእጅ ማዛወር ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሁለቱንም ስልኮች ቻርጀር ላይ ይሰኩ፤ የአንድሮይዱን ዋይፋይ ያብሩ። በሚሞሪ ካርድ ያለውን ጨምሮ የሚዛወረው ሁሉ አይፎኑ ውስጥ መብቃቱን አስቀድመው ያስሉ፤ አይፎን የሚሞሪ ካርድ ቦታ የለውም። በአይፎኑ ማዋቀሪያ ላይ ዳታ የማዛወሪያው ገጽ ሲመጣ «ፍሮም አንድሮይድ» የሚለውን ይምረጡ፣ የሚያሳየውን ኮድ በአንድሮይዱ አፕ ላይ ያስገቡ፣ የሚሄደውን ይምረጡ። ከዚያ ሁለቱንም አይንኩ። በአንድሮይዱ ላይ ሌላ አፕ ከተከፈተ ወይም ስልክ ከተደወለ ዝውውሩ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ማታ፣ ማንም በማይደውልበት ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል። አንድሮይዱ ዝውውሩ አለቀ ቢልም በአይፎኑ ላይ የሚታየው የዝውውር መስመር እስኪሞላ ይጠብቁ።

ዋትስአፕ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአንድሮይዱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ጎግል ላይ፣ የአይፎኑ የአፕል ማከማቻ በሆነው አይክላውድ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ የሌላውን አይከፍትም። «ባክአፕ አለኝ» ብሎ የሚተማመን ሰው ሲስተም ሲቀይር ባዶ የውይይት ዝርዝር የሚያገኘው ለዚህ ነው። ወደ አይፎን ሲሄዱ ዋትስአፕን በዚያው በሙቭ ቱ አይኦኤስ ዝርዝር ውስጥ ይምረጡ። ወደ አንድሮይድ ሲሄዱ ሁለቱን ስልኮች በኬብል ያገናኙ፤ ከአይፎን 15 በፊት የነበሩት የአፕልን የራሱን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ ከዚያ ወደ ዩኤስቢ ሲ የሚሄድ ኬብል ያስፈልጋል። በሁለቱም አቅጣጫ ስልክ ቁጥሩ ያው መሆን አለበት፤ በአዲሱ ስልክ ላይም ከዝውውሩ በፊት ዋትስአፕ ውስጥ አይመዝገቡ። ቴሌግራም በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ ሲገቡ ውይይቱ ከሰርቨር ይመጣል። «ሲክሬት ቻት» ብቻ ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም።

አይሜሴጅን ሳያጠፉ ሲም ማውጣት

ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ለሄደ ሰው አይፎን ካላቸው ወዳጆቹ የሚላክለት መልእክት መድረሱን ሊያቆም ይችላል። የላኪው ስልክ «ተልኳል» ይላል፣ ተቀባዩ ምንም አያይም። የአፕል ሲስተም ቁጥሩን አሁንም የአይሜሴጅ (አፕል በኢንተርኔት መልእክት የሚያደርስበት አገልግሎት) ቁጥር አድርጎ ስለሚያውቀው መልእክቱን እንደ ተራ አጭር መልእክት አይልከውም። ሲሙ ገና አይፎኑ ውስጥ እያለ በሴቲንግ ወደ «ሜሴጅስ» ገብተው አይሜሴጅን ያጥፉ፣ ፌስታይምንም እንዲሁ። አይፎኑ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ካስታወሱት አፕል ቁጥርን የሚያስወጡበት ድረ ገጽ አለው፤ ቁጥርዎን ሲያስገቡ በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ መልሰው ያስገባሉ።

የተገዛውን ሳይቆጥሩ መሄድ

በአንዱ መደብር የተገዛ አፕ በሌላው እንደ ተገዛ አይቆጠርም። ወርሃዊ ክፍያ ያለባቸው ደግሞ አፑ ስለተሰረዘ አይቆሙም፤ ክፍያው በተጀመረበት መደብር ገብተው ካላቋረጡት ከካርድዎ መቆረጡ ይቀጥላል። ሰዓትም አለ፦ አፕል ዎች ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም፣ ከጋላክሲ ዎች 4 ወዲህ ያሉት የሳምሰንግ ሰዓቶችም ከአይፎን ጋር አይሠሩም። ኤርፖድስ ከአንድሮይድ ጋር እንደ ተራ ብሉቱዝ ማዳመጫ ይገናኛል። አይፎን የሚያነሳው ፎቶ ደግሞ ከ2017 ወዲህ አንዳንድ የቆዩ ዕቃዎች በማይከፍቱት ቅርጽ ሊቀመጥ ይችላል፤ በካሜራ ሴቲንግ «ፎርማትስ» ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» ቢመርጡ ከዚያ በኋላ የሚነሱት ፎቶዎች በጄፔግ ይሆናሉ። የቀድሞዎቹ አይለወጡም።

የድሮውን ስልክ በማግስቱ መሸጥ

ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። የመግቢያ ኮድ የሚያመነጩ አፖች ብዙ ጊዜ በራሳቸው አይሻገሩም፤ ከድሮው ስልክ ላይ ኤክስፖርት አድርገው የሚወጣውን ምስል ኮድ በአዲሱ ካሜራ መቃኘት ያስፈልጋል። የባንክ አፖችም አንዳንዶቹ አዲሱን ስልክ የሚያጸድቁት በድሮው በኩል ነው። ድሮው ከተሸጠ ከራስዎ አካውንት ውጭ ሊቆሙ ይችላሉ።

ለሌላ ሰው ሲሰጡት በቅደም ተከተል ይሂዱ። አይፎን ከሆነ ከአፕል አካውንት ይውጡ፣ የጠፋ ስልክ መፈለጊያው «ፋይንድ ማይ» መዘጋቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በስልኩ ያለውን ሁሉ ይሰርዙ። አንድሮይድ ከሆነ የጎግል አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ አስወግደው ከዚያው ከሴቲንግ ሪሴት ያድርጉ። አካውንቱ ሳይወጣ የጎን ቁልፎችን ተጭኖ ሪሴት የተደረገ አንድሮይድ ሲከፈት የድሮውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል፤ ገዢው እዚያ ላይ ይቆማል። ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ካለዎት ደግሞ ስልኩን ሲሰርዙ የሚመጣውን ጥያቄ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ መስመሩ ወደ አዲሱ ስልክ ሳይዛወር ከተሰረዘ አዲስ ለማግኘት ወደ ኔትወርክ አቅራቢው መመለስ ይኖርብዎታል።