ዲቴክተር መሥራት ለሚያስቡ የፊዚክስ ልጆች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለእረፍት ደብረ ብርሃን በመጣሁ ቁጥር ፊዚክስ የሚማሩ ልጆች ቤት ድረስ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉበት ሙያ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?» የእኔ ሥራ የቅንጣት ዲቴክተር መሥራት ነው። ኤክስሬይ ወይም ኒውትሮን መጥቶ ሲያርፍበት የሚቆጥርና ምስል የሚያወጣ መሣሪያ ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሰው አካል ይታይበታል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ የብረት፣ የባትሪ፣ የድንጋይ ሆድ። እንዴት እንደሚገባ ለየብቻ ብዙ አውርተናል። ዛሬ ብዙ ልጆች ሲሳሳቱ ያየኋቸውን ነገሮች ልጻፍ። አብዛኛውን እኔም ተሳስቼዋለሁ።

ቁጥር ስላወጣ ብቻ መሣሪያውን ማመን

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ትንሽ ዲቴክተር ይዤ መጥቼ ነበር። መዳፍ የምታክል ፕላስቲክ ነች። ቅንጣት ሲያልፍባት ውስጧ ብልጭ ይላል፤ ያቺን ብልጭታ አንድ ሴንሰር ይይዛታል። የውጭ ብርሃን እንዳይገባ በፎይልና በጥቁር ፕላስተር ጠቅልያታለሁ። ማታ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። በደቂቃ 210 ገደማ ትቆጥር ነበር። ጠዋት የእህቴ ልጅ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ! 640 ገባ እኮ! ፀሐይ ስትወጣ ከሰማይ የሚመጣው ይጨምራል ማለት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሰማዩን ከመጠርጠር በፊት መሣሪያውን መጠርጠር ይቀድማል። ሁለት ተጠርጣሪ ነበረን፤ ሙቀትና ብርሃን። የኅዳር ሌሊት ብርዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ክፍሉ ቶሎ ይለወጣል። ሴንሰሩ ደግሞ ሲሞቅ በራሱ ጊዜ ሐሰተኛ ቆጠራ ያበዛል። ግድግዳው ላይ የአባቴ በርኖስ ተሰቅሏል። ጥቁርና ወፍራም የመንዝ ሱፍ ነው። አውርዳ አለበሰቻት። ቁጥሩ ወዲያው 215 ላይ ቁጭ አለ። ጥፋቱ የሙቀት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በአንድ አፍታ አይወርድም፤ መቀዝቀዝ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ፕላስተሩን በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ዞረች። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ አገኘችው፦ ፕላስተሩ የታጠፈበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የማታክል ክፍተት።

ከሥራ ዘመኔ ትልቁ ክፍል ያለፈው እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ በመፈለግ ነው። ይሄ የሚሰለቸው ሰው ሌላ መስክ ቢመርጥ ይሻለዋል።

በነገራችን ላይ 210ሩ ራሱ ጥፋት አይደለም። ከድንጋዩ፣ ከግድግዳው፣ ከሰማዩም ጨረር ሁልጊዜ ይመጣል። ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጨረሩ ከፍ ባሉ ቁጥር እንደሚጨምር ለካ። ለዚህም በ1936 ኖቤል ተሸለመ። ደብረ ብርሃንም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የበለጠ ይደርሳታል።

ጥቂት ቆጥሮ መደምደም

ይሄ አጭር ነው። N ከቆጠራችሁ፣ ቁጥሩ በራሱ የN ካሬ ሥር ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። 210 ላይ 14 ወይም 15 ማለት ነው። ስለዚህ 215 ሲመጣ «ጨመረ» አትበሉ። 100 ብትቆጥሩ ስህተቱ 10 ፐርሰንት ነው፤ ወደ 1 ፐርሰንት ለማውረድ 10,000 መቁጠር አለባችሁ።

ትንሽ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባት አንዷ ነጥብ) ሁሌም ይሻላል ማለት

ከመንዝ፣ ከመዘዞ አካባቢ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ይወጣል። ቀለሙ የሚጫወተው ውስጡ በሥርዓት ከተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች የተነሳ ነው። ችግሩ መሰንጠቁ ነው። ስንጥቁን ሳይቆርጡ በኤክስሬይ ሲቲ፣ ማለትም ከየአቅጣጫው በተነሱ ኤክስሬዮች ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ማየት ይቻላል። አንድ ተማሪ ይሄን ስነግረው «እንግዲያው የመጨረሻ ትንሹን ፒክስል እንጠቀማ!» አለኝ።

ሐሳቡ ልክ ይመስላል። አሁን ሂሳቡን እንየው። ብዙ ዲቴክተር የሚሠራበት ሲሊኮን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ በአማካይ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ኃይል የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው) ገደማ ይፈጃል። 10,000 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤክስሬይ ታዲያ ወደ 2,800 ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። እነዚህ ኤሌክትሮኖች እንደ ደመና እየሰፉ ነው የሚጓዙት። ስኒዎችን አጠጋግታችሁ ደርድሩና አንድ እፍኝ ገብስ ከላይ ልቀቁ። ድንበር ላይ ካረፈ ሁለቱም ስኒዎች ግማሽ ግማሽ ይደርሳቸዋል። «የሞላ ብቻ ይቆጠር» ካላችሁ ያ እፍኝ እንዳልመጣ ይቀራል። ግማሽም ይበቃል ካላችሁ አንዱ እፍኝ ሁለት ይሆናል። ስኒው ባነሰ ቁጥር ድንበር ይበዛል።

ጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ላብራቶሪ፣ በሰርን፣ የተሠራው ሜዲፒክስ 3 የሚባለው ቺፕ ለዚህ መላ አለው። ፒክስሎቹ 55 ማይክሮን ናቸው። ጎረቤታሞቹ የደረሳቸውን ደምረው ብዙውን ለያዘው ይሰጡታል። ይህን ለማድረግ ግን በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚጨመረው ኤሌክትሮኒክስ ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። የፒክስሉን ጎን በግማሽ ብትቀንሱ የሚደርሰው ኤክስሬይ ሩብ ይሆናል። ያንኑ ጥራት ከፈለጋችሁ አራት እጥፍ ጨረር ነው። ኦፓሉ ይችለዋል። ሲቲው ውስጥ የተኛችው እናታችን ብትሆንስ?

ሙያውን ለአንድ ላብራቶሪ ብቻ መስጠት

ልጆቹ ዲቴክተር ሲባል ሰርን ብቻ ይታያቸዋል። ዦርዥ ሻርፓክ እ.ኤ.አ. በ1968 ሰርን ውስጥ ብዙ ሽቦ ያለውን ዲቴክተር ሠራ፤ በ1992 ኖቤል ተሸለመ። እሱ ራሱ በኋላ ዲቴክተሮቹን ወደ ሕክምና ምስል ለማምጣት ደክሟል። የሜዲፒክስም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ሥራው በ1990ዎቹ ተጀምሮ፣ በዚያው ቤተሰብ ቺፕ ኒውዚላንድ ውስጥ የሰው አካል በባለ ቀለም 3ዲ ኤክስሬይ መታየቱ የተሰማው በ2018 ነው። ርዝመቱን ልብ በሉ። አንድ ዲቴክተር የአንድን ሰው ግማሽ የሥራ ዘመን ሊበላ ይችላል።

ለቁስ ምርምር ደግሞ ሩቅ ማየት አያስፈልግም። ዮርዳኖስ ውስጥ ሴሳሚ የሚባል ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን እያዞረ እንደ ኤክስሬይ ያለ ኃይለኛ ብርሃን የሚያመነጭ ማሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። የብርሃን ምንጭ ባለበት ሁሉ ዲቴክተር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

እጅን ማስነፍ

ኢኩዌሽን ላይ አንበሳ የሆነ፣ ሶልደር ማድረግ ግን የማይችል ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ቤት ቁጭ በሉ። በነፃም ቢሆን አግዙ። ኧርዙ በደንብ ያልተያዘ ሰርኪዩት እንዴት እንደሚያብድ እዚያ ታያላችሁ፤ በእኛም ላብራቶሪ አብዛኛው ረብሻ የሚመጣው ከኧርዝ ነው። ደብተርም ያዙ። ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ መብራት የሄደበት ደቂቃ፣ ሁሉም ይጻፍ። የሲሊኮን ዲቴክተር የማይፈለግ ከረንት በየ7 ወይም 8 ዲግሪው በእጥፍ ያድጋል። ሙቀቱን ያልጻፈ ሰው የማክሰኞውን ውጤት ከሐሙሱ ጋር ማወዳደር አይችልም።

«ውጭ ስሄድ እጀምራለሁ»

ዛሬ ማታ ጀምሩ። የስልካችሁ ካሜራ የሲሊኮን ዲቴክተር ነው። ሌንሱን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት፤ ከላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደርቡበት። ካሜራው ረጅም ኤክስፖዠር ካለው እሱን ምረጡና ደጋግማችሁ አንሱ። ብዙዎቹ ፎቶዎች ጥቁር ይሆናሉ። አንዳንዱ ላይ ነጭ ነጥብ ወይም አጭር ጭረት ይታያል። ነጥቡ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ ከተመላለሰ የታመመው ፒክስሉ ነው። አንዴ ታይቶ ከጠፋ ቅንጣት አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን ጻፉና ቀጣዩን አንሱ። ቢያንስ መቶ ፎቶ ሳይሞላ ለማንም አታውሩ። መቶ ሲሞላ ግን ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ ቡና እያፈላን እናየዋለን።