ለጥምቀት ጎንደር ስትመጡ የትኛውን ክሬዲት ካርድ ትያዙ?

ከአሜሪካ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የምትመጡ ወገኖች፣ ካርድ ስትመርጡ «2 በመቶ ካሽ ባክ» (ካወጣችሁት ላይ የሚመለስላችሁ ገንዘብ) የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ውሉ ላይ «የውጭ አገር ግብይት ክፍያ» (foreign transaction fee) የሚለውን መስመር ፈልጉ። ብዙ ካርዶች 3 በመቶ ያስከፍላሉ። ፒያሳ ለሆቴል 400 ዶላር ብትከፍሉ 8 ዶላር ይመለስላችኋል፣ 12 ዶላር ይቆረጥባችኋል፤ 4 ዶላር ከሰራችሁ ማለት ነው። ይህ ክፍያ የሌለበት ካርድ 1 በመቶ ብቻ ቢመልስም ይሻላል።

ዓመታዊ ክፍያ ካለው ደግሞ አስሉት። 95 ዶላር የሚያስከፍለው ካርድ ከነጻው የሚበልጠው በ1 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ በዓመት 9,500 ዶላር ካላወጣችሁበት ወጪውን አይመልስም።

የሆቴሉ ማሽን «በዶላር ወይስ በብር?» ብሎ ከጠየቀ ብር ምረጡ። ዶላር ካላችሁ ምንዛሬውን የሚያሰላው በማሽኑ በኩል ያለው ድርጅት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሱን ጭማሪ ያስገባበታል።

በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣትን ግን እባካችሁ ተዉት! እንደ ብድር ስለሚቆጠር ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው፣ ካሽ ባክም አያስገኝም። ለባጃጅና ለቅዳሜ ገበያ የሚሆነውን ብር በዴቢት ካርድ አውጡ። የእሱንም የውጭ አገር ክፍያ ሳትነሱ ባንካችሁን ጠይቁ።

የወሩን ዕዳ ሙሉ በሙሉ የማትከፍሉ ከሆነ ካሽ ባኩን እርሱት፤ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ የሚሄድ ወለድ ይውጠዋል። እንዲህ ላለ ሰው ወለዱ ዝቅተኛ የሆነው ካርድ ነው የሚሻለው።