ከቬሎ ቤት መስታወት ወደ ፊልም፦ ሞዴሎች ትወና ሲጀምሩ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሳላገባ ሙሽራ የሆንኩት በ19 ዓመቴ ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ቬሎ ቤት ፎቶዬን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ነጭ ቬሎ፣ የእጅ አበባ፣ አንገት ሰበር። ሳልፍ የሰፈር ልጆች «ሙሽሪት!» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። በዚያ ፎቶ ሰበብ ለፊልም ታጨሁ። «መልክሽ ብቻ ይበቃናል» አሉኝ። አልበቃቸውም።

አሁን ጅማ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን ትወና አለማምዳለሁ። ከሚመጡት አብዛኞቹ የሀበሻ ቀሚስ፣ የሱፍ ወይም የፀጉር ቤት ማስታወቂያ የሠሩ ናቸው። የሚሳሳቱት እኔ የተሳሳትኩትን ስለሆነ ገና በር ላይ ሲቆሙ አውቃቸዋለሁ። አቋቋማቸው ይናገራል።

ካሜራው የት እንዳለ አለመርሳት

ለሞዴል ይህ እንጀራው ነው። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጎኑ እንደሚያምር፣ አገጩን ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቃል። ፊልም ላይ ግን ይኸው እውቀት ጉድ ይሠራል።

የመጀመሪያ ትዕይንቴ የእናቴን መርዶ የምሰማበት ነበር። ቡና እየቀዳሁ ጎረቤት ትገባለች፣ ትነግረኛለች፣ እደነግጣለሁ። «ቀጥል» ሲባል ሰውነቴ ያለ እኔ ፈቃድ ሥራውን ጀመረ። ትከሻዬ ዞረ፣ ግራ ጉንጬ ወደ ካሜራው ሄደ፣ ከንፈሬ በልኩ ተከፈተ። አዘጋጁ አስቆመና «እህቴ፣ እናትሽ እኮ ናት የሞተችው! ቬሎ እየሸጥሽ ነው እንዴ?» አለኝ። መብራት የያዘው ልጅ ሳይቀር ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ አንዲት ቅጽበት ነው። ፎቶ አንሺው መቶ ጊዜ አንስቶ ከመቶው አንዷን ይመርጣል። ፊልም ግን በአብዛኛው በሴኮንድ 24 ምስል ይይዛል፤ ሁሉም ይታያል። በሁለት ፖዝ መካከል ያለው፣ ሞዴሉ «ይሄ አይቆጠርም» ብሎ የሚያልፈው ጊዜ፣ ተመልካቹ የሚከታተለው እሱን ነው። ለፎቶ ትንፋሽ መያዝ ይረዳል። ፊልም ላይ ትንፋሹን የያዘ ሰው የደረቀ ይመስላል። በዚያ ላይ ካሜራው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሚናገረው ላይ ብቻ ሳይሆን በሚሰማውም ላይ ነው። ማዳመጥ ደግሞ ፖስተር ላይ ማንም አላስተማረንም።

እኛ ዘንድ የምንሠራው ልምምድ ይህ ነው። ሁለት ሰው በርጩማ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዱ ትናንት ሂርማታ ገበያ ምን ገዝቶ በስንት ብር እንደተከራከረ ይናገራል። ሌላው ሰምቶ ሲጨርስ በዝርዝር መድገም አለበት። ሦስተኛ ሰው በስልክ ይቀርጻል፣ የአድማጩን ፊት ብቻ። ከዚያ ድምፁን አጥፍተን እናያለን። ዋጋውን ለመያዝ ሲታገል ራሱን የረሳ ልጅ ወዲያው ይለያል። ያቺ ፊት ተዋናይ ናት።

ሲኒው በየትኛው ቃል ላይ እንደተነሳ መርሳት

አጭር ነገር ናት፣ ግን ብዙ ሰው ታስቆጣለች። አንድ ትዕይንት ከሩቅም ከቅርብም ደጋግሞ ይቀረጻል። «እማማ» ስትሉ ሲኒውን ካነሳችሁ፣ በስድስተኛውም ጊዜ «እማማ» ስትሉ አንሱት። አለበለዚያ አርታኢው ምስሎቹን ማገናኘት ይቸግረዋል። ታሪኩም በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ለቅሶው ሰኞ፣ ሠርጉ ሐሙስ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕታችሁ ላይ በእርሳስ ጻፉ።

መልክን እንደ እንቁላል መያዝ

አንዷ ተማሪዬ ጎማ ወረዳ ቡና ለቃሚ ሆና እንድትሠራ አጭር ድራማ አዘጋጀን። መጣች፣ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ለጥፋ። «አውልቂው የኔ ቆንጆ» ብላት «ያለሱ ታምሜ ነው የምመስለው» አለችኝ። ቡና ለቃሚዋ ከነሽፋሽፍቷ ቅርጫት ተሸክማ ተቀረጸች። የሳቅነውን ሳቅ አልረሳውም።

የሆሊውድ ተዋናይቷ ቻርሊዝ ቴሮን ከደቡብ አፍሪካ የወጣችው በ16 ዓመቷ በሞዴሊንግ ውድድር አሸንፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ሞንስተር» ላይ ነፍሰ ገዳይዋን ለመሆን 14 ኪሎ ገደማ ጨመረች፣ ቅንድቧን አሳሳች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም አደረገች። በቀጣዩ ዓመት ኦስካሩን የወሰደችው በዚያ ፊት ነው። ኪሎ ጨምሩ እያልኩ አይደለም፤ ያ ሐኪምና ባለሙያ ይፈልጋል። ሽፋሽፍት ማውለቅ ግን ነፃ ነው።

ትልቁን ሚና መጠበቅ

የከተማችን ሞዴሎች «ለአጃቢነት አልመጣም» ይላሉ። አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቲ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ፊት ነበረች። ከዚህ በላይ ሞዴል አለ? ፊልም ላይ ግን በ2005 እና በ2006 በትንንሽ ሚና ነው የጀመረችው። የሶማሊያዊቷን ሞዴል የዋሪስ ዲሪን ታሪክ በመሪ ተዋናይነት የሠራችው በ2009 ነው። እኛ የአንድ ቬሎ ቤት ፊት ሆነን መሪ ካልሆንን ብለን እናኮርፋለን።

አፋን ኦሮሞን መደበቅ

ይህ የእኔ ትልቁ ጅልነት ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ «የክፍለ ሀገር ልጅ» እንዳልባል አነጋገሬን አሹለዋለሁ ብዬ ድምፄን ሁሉ አጣሁት። አፋን ኦሮሞ እንደምችል ለማንም አልተናገርኩም። በሁለት ቋንቋ መተወን የሚችል ሰው ግን ሁለት በር አለው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚሠራው ድራማና ፊልም ትንሽ አይደለም። ማመልከቻችሁ ላይ ከቁመታችሁ በፊት ቋንቋችሁን ጻፉ።

ጊቤን ቶሎ መሻገር

ከጅማ አዲስ አበባ፣ የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሻንጣና በአንድ ደላላ ስልክ ቁጥር የሚኬድ መንገድ አይደለም። ቢያንስ እዚሁ መድረክ ላይ ቁሙ፤ ተመልካች ሲያዛጋ ምን እንደሚመስል እዩ። የመጀመሪያውን ኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) ብዙ ጊዜ በስልክ ቀርጾ መላክ ይቻላል። ስልኩ በዓይን ትክክል፣ ፊታችሁ ወደ መስኮት፣ ከጀርባ ባዶ ግድግዳ። የሌላውን ቃል የሚያነብላችሁ ሰው ከስልኩ አጠገብ ይቁም። ማሳመሪያ ፊልተር አጥፉ፤ ማየት የሚፈልጉት ቆዳችሁን ነው።

ለኦዲሽን የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው የሚኖረው ከናንተ ብር እንጂ ከፊልም አይደለም። ቀጠሮው የሆቴል መኝታ ክፍል ከሆነ አትሂዱ። ቢሮ ከሆነም እህት፣ ወንድም፣ ማንንም ይዛችሁ ሂዱ። «ሰው ይዘሽ ለምን መጣሽ?» ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

በቃል መስማማት

የሁለተኛው ፊልሜ ግማሽ ክፍያ እስካሁን «በሚቀጥለው ሳምንት» ነው። የፈረምኩት ወረቀት የለም። የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ፣ ክፍያው መቼ መቼ እንደሚከፈል፣ ትራንስፖርትና ማደሪያው በማን እንደሆነ፣ ምስላችሁ ከፊልሙ ውጪ ለማስታወቂያ ይዋል አይዋል፣ አራቱን በጽሑፍ አድርጉ። ሕጉ ከጎናችሁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተዋንያንም መብት ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ደግሞ በመርህ ደረጃ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ይከለክላል።

ይህን አንቀጽ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ወልቂጤ ለምሳ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቬሎ ቤት አለ። መስታወቱ ላይ እኔ፣ አንገት ሰበር፣ ፀሐይ አበባዬን አደብዝዞታል። ረዳቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ።

«እህት፣ ያቺ አንቺ አይደለሽም?»

«ታናሼ ናት» አልኩት።